ሣር የጠፋበት ግቢ

ያን ቅዳሜ ጠዋት አባቴ የግቢያችንን ሣር አጭዶ ጨርሶ ማሽኑን በስፌት መኪና ዘይት እየቀባ ነበር... ሦስት የቀበሌ ጥበቃዎች የአጥሩን በር በርግደው ገቡ።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ አገሩ ነቀምቴ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ማሽኑ ደግሞ እየገፉት የሚያጭድ፣ ስለቱ በመንኮራኩር የሚዞር የሣር ማጨጃ ነው። አባቴ ሱፍ ይሰፋለት የነበረ አንድ ፈረንጅ ሐኪም አገር ለቆ ሲሄድ የተወለት ነው። በከተማው ሌላ መኖሩን እንጃ! ከእኛ ከልጆቹ በላይ ይሳሳለት ነበር ብል አልዋሸሁም። ስለቱን በሞረድ ይሞርደዋል፣ ዘይት ያጠጣዋል፣ ዝናብ ሲመጣ የራሱን ካፖርት ያለብሰዋል። ሲያጭድበትማ... ወይ ማጨድ! ግቢው የተላጨ ራስ ነበር የሚመስለው። ጎረቤታችን አዴ ዲንቄ ሣራቸውን ስለማያሳጭዱ በአጥር ላይ «የእባብ ቤት አደረግሽው እኮ!» እያለ ይጨቀጭቃቸው ነበር።

የጥበቃዎቹ አለቃ ገመቹ የሰፈራችን ልጅ ነው። የለበሰውን ካኪ ሱሪ የሰፋለት ራሱ አባቴ ነው።

«ኦቦ ሂርጳ፣ እንዴት አደሩ? ማሽኑን ለቀበሌ ልንወስደው ነው። ለበዓሉ የቀበሌው ግቢ ይታጨድበታል» አለ።

«ልጄ፣ እኔ መጥቼ ላጭድላችሁ። እናንተ አታውቁበትም፣ ትሰብሩታላችሁ።»

«የሕዝብ ንብረት ነው!»

«የሕዝብ ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ ዘይት ይቀባው ነበራ!»

አይ አባቴ! አፉን አይሰበስብ እኮ። እናቴ በር ላይ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች።

ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ ቀጭኑ፣ ሽጉጥ የተደበቀበት መስሎት ነው መሰለኝ፣ ማሽኑን ገልብጦ እጁን ስለቱ መሃል ከተተ። አባቴ «ተው፣ እጅህን!» ብሎ ሳይጨርስ ሌላኛው መንኮራኩሩን በእርግጫ መታው። ስለቱ ዞረ...

ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሰውዬው እጁን ሲያወጣ ሁለት ጣቶቹ በቆዳ ተንጠልጥለዋል። ደሙ ገና በታጨደው ሣር ላይ ተንዠቀዠቀ።

«ወጥመድ ነው! አንተ አድሃሪ!» ብሎ ገመቹ ጮኸ። አሁን «እንዴት አደሩ» ሲለው የነበረውን ሰው! በሰደፍ አፉን አለው። ጥርሱ ሲሰበር ሰማሁት። አባቴ ሲወድቅ ሌላኛው ጥበቃ ጎኑን በከስክስ ጫማ ይወቅጠው ጀመር። እኔ ያኔ ቢላ በምትባል የወለጋ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ፤ ለእረፍት ነው የመጣሁት። አስተማሪነቴን እዚያው ጣልኩና የገመቹን ክንድ ነከስኩት። በደንብ ነው የነከስኩት፣ አሁንም አይቆጨኝም! በክርኑ ሲለኝ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

ከዚያ ጠመንጃውን አቀባብሎ አፈሙዙን አባቴ ግንባር ላይ ደገነ።

እኛ ወለጋ አንድ ነገር አለ። ሰው ተቆጥቶ ሊገድል ሲነሳ፣ እርጥብ ሣር ነጭተህ ይዘህ ፊቱ ከቆምክ አልፎህ መምታት ትልቅ ነውር ነው። ደመኛ እንኳ ሣር ተይዞ ሲለመን ይበርዳል። ሣሩ ግን በእጅህ ከመሬት የነጨኸው መሆን አለበት። ታጭዶ የተከመረውን ማን ይቆጥረዋል? እሱ የከብት ነው።

እናቴ ሣር ልትነጭ መሬት ላይ ተደፋች... ሣር የለም! አባቴ ላጭቶታል! በጥፍሯ መሬቱን ትቧጥጣለች፣ እጇ ላይ የሚቀር አንዲት ሰበዝ እንኳ የለም። አፈር ብቻ። ጣቶቿ ደም በደም ሆኑ። «ሣር! ኧረ ሣር ስጡኝ!» እያለች ግቢውን በእንብርክክ ትዞራለች። ባሏ ሊገደል፣ እሷ ሣር ፍለጋ! ያኔ ያንን ማሽን የሠራውን ሰው ከነዘሩ ረገምኩት።

በዚህ መሃል አዴ ዲንቄ አጥሩን ጥሰው ገቡ። ሣሩን ከነሥሩ፣ ከነጭቃው ነቅለው በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። ግማሹን ለእናቴ ወረወሩላት። ግማሹን ይዘው በጠመንጃውና በአባቴ መሃል ገቡ።

«ማሎ ገመቹ! እባክህ ልጄ! ይኸው ሣር! ከተኮስክ እኔንም ጨርሰኝ!»

እናቴም ሣሩን ይዛ እግሩ ሥር ወደቀች። «ማሎ!» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም።

ገመቹ ላብ በላብ ሆነ። ጣቱ ምላጩ ላይ ነው። በመጨረሻ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ከአዴ ዲንቄ እጅ ሣሩን ተቀበለ።

ንዴቱ ግን መውጫ ፈለገ መሰለኝ፣ ዞር ብሎ ማሽኑ ላይ ተኮሰበት። ደጋገመው! ለበዓሉ ሊያጭዱበት የመጡትን ማሽን! ብረቱ እየተፈናጠረ የመስኮታችንን መስታወት አረገፈው። ከዚያ ጣቱ የተቆረጠውን ጓደኛቸውን ደግፈው ወጡ።

አባቴ ተረፈ። የፊት ጥርሶቹ ረግፈው፣ ጎኑ ተሰብሮ... ግን ተረፈ። አፉ ትንሽ እንደተላቀቀለት መጀመሪያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ማሽኔስ?» እናቴ ያን ቀን ራሷ ልትገድለው ነበር።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ። ልጄ በባትሪ የሚሠራ ማጨጃ ገዝቶልኛል። ዘይት አይል፣ መግፋት አይል። ስጨርስ ሥሩ ላይ የተጣበቀውን ሣር እጠርጋለሁ፣ ባትሪውን የነቀምቴ እርጥበት እንዳይበላብኝ ቤት አስገብቼ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ በቃ። ግቢዬን ሙልጭ አድርጌ አጭዳለሁ። በሩ አጠገብ ግን እስከ ጉልበት የሚደርስ ሣር አለ፣ ማንም አይነካውም። ባለፈው ልጄ ማሽኑን ይዞ ሲጠጋው ጮኽኩበት።

«ምነው እማዬ፣ ለላም ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

«አይደለም» አልኩት። «አንተን ሲደበድቡብኝ የምነጨው ነው።»