መልስ፣ ማስረጃ፣ ማብራሪያ

ከዚራ ሰፈር፣ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ የእርጥብ አፈር ሽታ በመስኮት ገባ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ እግሬ ግን አላርፍ አለኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁም እንዲሁ ሸቶኝ ነበር። ሽማግሌው የአማርኛ መምህራችን ስለ አጭር ልቦለድ ለሚጠየቅ ጥያቄ መልስ አጻጻፍ እያስተማሩን ነበር። መልስ፣ ከታሪኩ ማስረጃ፣ ቀጥሎ ማብራሪያ ካልጻፍን አያርሙልንም። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ልሂድ። ጎርፍ ሊመጣ ነው።»

«ማስረጃሽስ?» ክፍሉ ሳቀ።

«ነፋሱ እርጥብ አፈር ይሸታል።»

«እሱ ምን ያሳያል?»

«ደጋው ዘንቧል ማለት ነው። እዚህ ፀሐይ ቢሆንም ውሃው በደረቁ ወንዝ፣ በደቻቱ ይወርዳል። እማዬ ደግሞ ወንዙ አሸዋ ላይ ቲማቲም ዘርግታ ተቀምጣለች።»

ሳቁ ቆመ። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡ። «መልስ እንዲህ ነው የሚጻፈው» አሉ፤ ወዲያው ግን ጮኹብኝ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ሩጪ እንጂ!»

ያን ቀን ደረስኩላት። ዳር ቆመን ውሃው ቲማቲሙን ሲወስደው አየን።

ዛሬም እዚያው ነው የምትሸጠው። ደወልኩና ሦስቱንም በተራ ነገርኳት።

«ትናንትም ሸቶ ነበር» አለችኝ። «መጣ እንዴ? በይ፣ ገዢ ቆሞብኛል።» ዘጋችው።

መልሼ ደወልኩ። ይጠራል፤ አታነሳም።