የትሎቹ ዘርና የወንድሜ ስም

ይህ የሆነው ታላቅ ወንድሜ ደረጀ በመኪና አደጋ ካረፈ በኋላ በመጣው ክረምት ነው። መጻፍ ብዙም አልችልበትም። ግን አንዲት የማላውቃት ልጅ ያደረገችልንን ሳልናገር መቅረት ከበደኝ።

የምንኖረው አቃቂ ነው። ደረጀ ፋብሪካ እየሠራ በጎን በግ ያደልብ ነበር። ጋጣውን በቆርቆሮና በጣውላ የሠራው በገዛ እጁ ነው። ሲያርፍ በጎቹ ለእኔ ቀሩ። ከጎረቤት በጎች ጋር ወንዝ ዳር ሜዳው ላይ አሰማራቸው ነበር።

ክረምቱ ሲገባ በጎቹ መክሳት ጀመሩ። አገጫቸው ሥር ያብጣል፤ ከዚያ ይሞታሉ። የትል መድኃኒት ሰጠናቸው፤ አልሠራም። የጎረቤቶቻችንም በጎች ሞቱ።

አንድ ጠዋት ሜዳው ላይ ኦቦ ቱፋ አስቆሙኝ። የአካባቢው ነባር ገበሬ ናቸው። ደረጀን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት።

«ልጄ፣ አትቀየመኝ። በጎችህን ከእኔ በጎች ጋር አትቀላቅል።»

«ምነው ኦቦ?»

«ወንድምህ መጨረሻ የገዛት ጥቁር በግ ናት የጨረሰችን። ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ነው ያመጣብን።»

ደረጀ እውነትም ከመሞቱ በፊት ከሩቅ ገበያ ጥቁር በግ ገዝቶ ነበር። ወሬው እናቴ ጆሮ ደረሰ። «ሞቶም አያሳርፉትም?» ብላ አለቀሰች። ስሙ በክፉ እንዳይነሳ በጓን ላስወግዳት አሰብኩ። ግን በእጁ ያመጣት የመጨረሻ ነገር እሷ ነበረች። አልቻልኩም።

በዚያው ሰሞን ሕይወት የምትባል የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቷ የበግ ትል ፍለጋ መጣች። የጥቁሯን በግ የዓይን ሽፋን ገልብጣ አየች፤ ደም የሚባል የለውም። ሌላ ዓይነት መድኃኒት አጠጣቻት። ከእኛም፣ ከኦቦ ቱፋም፣ ከሌሎችም ከሞቱ በጎች ጨጓራ ትል ለቅማ በብልቃጥ ያዘች። ስለ ወሬው ነገርኳት።

«ውጤቱ ሲደርስ እመጣለሁ» አለችኝ። አላመንኳትም። ናሙና የወሰደ ሰው መቼ ይመለሳል?

መጣች። በቦቲ ጭቃውን እየረገጠች ኦቦ ቱፋ ቤት ይዛኝ ሄደች። የትሎቹን ዘር ላብራቶሪ ውስጥ እንደመረመረች ነገረቻቸው።

«ትልም ዘር ይቆጥራል እንዴ?» ብለው ሳቁባት።

«እሱ ባይቆጥር እኛ እንቆጥርለታለን። ኦቦ፣ ነገሩ ከአንዲት በግ ቢነሳ ኖሮ መድኃኒቱን የለመዱት ትሎች እንደ እህትማማች ይቀራረቡ ነበር። የእነዚህ ግን ዘራቸው ብዙ ነው። ሁላችሁም ለየበዓሉ ከየገበያው በግ ታመጣላችሁ፤ በዚያው ቀን ሜዳ ታወጡታላችሁ። በጉ ይታረዳል፤ ትሉ ሜዳው ላይ ይቀራል። የደረጀ በግ ምንም አላመጣችም አልልም። የእርስዎም በጎች አምጥተዋል።»

አዲስ የተገዛ በግ ለብቻው ይቆይ፣ መድኃኒት ይውሰድ፣ የጣለው በጠጥ ይመርመር፣ ከዚያ ይቀላቀል ብላ መከረችን።

«የት ይቆያል? የሁላችንም ግቢ ጠባብ ነው» አልኩ።

«የደረጀ ጋጣ ሰፊ ነው፤ በጣውላ ይከፈላል» አሉ ኦቦ ቱፋ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። ያን ቀን ማታውኑ ቤታችን መጥተው እናቴን ይቅርታ ጠየቋት።

ጥቁሯ በግ ድና ወልዳለች። ዛሬ የሰፈሩ ሰው በግ ሲገዛ መጀመሪያ እኛ ጋ ያመጣል። «በጉን የት አደረግከው?» ሲባል «ደረጀ ጋ ነው» ይላል። እናቴ መጀመሪያ ስትሰማ ደንግጣ ነበር። አሁን ወጥታ በሩን ትከፍትላቸዋለች።

ሕይወት የፈለገችውን ይዛ ሄዳ ነበር፤ መመለስ አይጠበቅባትም። የወንድሜን ስም በደህና ሲጠሩት በሰማሁ ቁጥር አመሰግናታለሁ።