የሚኒባሳችን የፊት እግር የተቀየረ ለት

ልጅ እያለሁ፣ መኪናም እግሯን እንደሚያማት የነገረኝ ወንድሜ ዳዊት ነው። ጁባ፣ ሎሎጎ ሰፈር ውስጥ፣ ትልቅ የኒም ዛፍ ባለበት ግቢ ከእናታችን ጋር ሦስት ሆነን እንኖር ነበር። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ እሱ ሃያ አራት። አንዲት አሮጌ ነጭ ሚኒባስ ነበረችው፤ በሷ ሰውም ዕቃም ያመላልሳል። ጉድጓድ ውስጥ በገባች ቁጥር ከፊት በኩል «ቋ! ቋ!» ትላለች። ዳዊት መሪውን እንደያዘ ፊቱን ያጨማድድና «አይዞሽ» ይላታል። ዳዊት ካረፈ ሰባት ወር ሆነ። ስለ እሱ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ፣ እንዴት ልበል፣ ቀድሞ የሚመጣብኝ ለቅሶው አይደለም፤ ያ «አይዞሽ» ነው።

ያን ጊዜ እማዬ ወገቧን ክፉኛ ታምማ ነበር። የመኪናዋን መንገጫገጭ ስላልቻለች ቤተ ክርስቲያን ከሄደች አራት ወር አልፏት ነበር። ቅዳሴውን በስልክ ብቻ ትሰማለች። ኅዳር ጽዮን ሲቃረብ ዳዊት «ዘንድሮ ጽዮን አንቺ ሳትኖሪ አትነግሥም» አላት።

«በዚህች መኪና ከሆነ ወገቤን ቤት ትቼው ልምጣ?» አለችው።

ሳቀ። በነጋታው ግን እኔን ይዞ ነስሩ ሱቅ ሄደ። ነስሩ የጅማ ሰው ነው፤ መለዋወጫ ይሸጣል። ሱቁ አዲስ ጎማና ግሪስ ይሸታል። እኔ ያን ሽታ ከሽቶ አስበልጬ እወደው ነበር። ንዝረት የሚውጠውን አሞርዛተር መምረጥ አላስቸገረም፤ ለእኛ መኪና የሚሆነው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር። ነገሩ የከበደው ሞላው ላይ ነው። ነስሩ ሁለት ጥንድ አውጥቶ ደረደረ፤ ቀጠን ያለ ጥቁር፣ ወፍራም ቀይ።

«ጥቁሩ ለስላሳ ነው፣ ለሰው። ቀዩ ለጭነት ነው፤ ባዶዋን ከነዳሃት እንደ ፍየል ነው የምትዘልልህ» አለ።

«የኔ መኪና ደግሞ መቼ ባዶዋን ሆና ታውቃለች?» አለ ዳዊት።

እውነቱን ነበር። ያለ ሰውና ያለ ጆንያ አይቻት አላውቅም። ወደ እኔ ዞሮ «ሚኪ፣ አንተ ምረጥ» አለኝ። ሁለቱንም በደረቴ ተጫንኳቸው። ጥቁሩ ትንሽ እሺ አለኝ። ቀዩ ንቅንቅ አላለም። ያኔ ጠንካራ ነገር ሁሉ ጥሩ ይመስለኝ ነበር፤ «ቀዩ!» አልኩ። ዳዊትም «ልክ ነው፣ ጥቁሩ ለዚህ መንገድ አይበረክትም» አለ። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ሁለቱም ሐበሻ ሆነው ዋጋ ላይ ሲደርሱ ወደ ጁባ አረብኛ ይዞራሉ። በአማርኛ መከራከር ያሳፍራቸው ነበር መሰለኝ። አንዱ «ማፊ፣ ያ አኩይ!»፣ የለም ወንድሜ፣ ሲል ሌላው «ኸላስ!»፣ በቃ፣ ሲል ቆይተው፣ በመጨረሻ በአማርኛ ተመራርቀው ተለያዩ።

ሥራው የተሠራው በበዓሉ ዋዜማ፣ ኒሙ ሥር ነው። ዳዊት መኪናዋን በክሪክ ካነሳ በኋላ ሥሯ ድንጋይ ደረደረ። «ክሪክን ያመነ ለቅሶውን ጠራ» ይል ነበር። የኔ ሥራ የሚፈታውን ዳዶ እየተቀበልኩ ናፍጣ ባለበት ሳህን ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። አንዱ ዳዶ ዝጎ እምቢ አለ። ዳዊት የቁልፉ እጀታ ላይ ወጥቶ ዘለለ፤ ዳዶው ሲለቅ እሱም አብሮ አቧራው ላይ ተዘረረ። እማዬ ወገቧን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ለወራት ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀች። «አታስቁኝ፣ ያመኛል!» ትላለች፤ ደግሞ ትስቃለች።

ማምሻውን ጨርሰን ስናወርዳት፣ ሚኒባሷ አፍንጫዋን ወደ ጀበል ኩጁር ተራራ ቀና አድርጋ ቆመች። ጎረቤታችን ማማ አቾል ጋምቤላ ያደጉ ናቸው፣ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል። አጥር ላይ ተደግፈው «ዳዊት፣ መኪናህ ደግሞ ምን አግኝታ ነው የኮራችው?» አሉት።

ጠዋት እማዬ ነጭ ለብሳ ከፊት ገባች። እኔ ከኋላ ነኝ። ከግቢ ወጥተን የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ መኪናዋ ዘለለች። ሁለተኛው ላይ እማዬ ጮኸች።

«አውርደኝ! በማርያም፣ አውርደኝ!»

ዳዊት አቆመ። እማዬ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ትተነፍሳለች። ያኔ ገባን። መኪናዋ መቼም ባዶዋን አትሄድም ያልነው፣ ዛሬ ሦስት ብቻ ሆነን እንደምንሄድ ሳናስብ ነው። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሞላውን የመረጥኩት እኔ ነኝና። ዳዊት አየኝ። ከዚያ ወርዶ መንገዱ መሃል ቆመና እጁን እያወናጨፈ ተጣራ።

«ወደ ጽዮን የምትሄዱ፣ ኑ ግቡ! በነጻ ነው! ወፍራም ይቀድማል!»

ነጠላ ለብሰው በእግር ይሄዱ የነበሩት ወደ እኛ መጡ። ማማ አቾል ወደ ገበያ ሊሄዱ መንገድ ዳር በማሽላ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው መኪና ይጠብቁ ነበር። ዳዊት ጆንያውን ተሸክሞ እሳቸውን ከነጆንያው ከፊት፣ እማዬ አጠገብ አስገባቸው። «እኔን ለክብደት ነው የፈለግከኝ፣ ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ?» አሉት። «ለክብርም ለክብደትም፣ ማማ» አላቸው። አሥራ አንድ ሰው ሆንን። የአንድ ሰውዬ ክርን ጎኔን ወግቶኝ ነበር፤ ደስታዬ ግን አልቀነሰም። መኪናዋ ዝቅ ብላ እንደ ጀልባ ሄደች። ከኋላ መዝሙር ተጀመረ። እማዬ ሦስት ጉድጓድ በልቧ ቆጥራ ስትጨርስ ዞር ብላ «አሁን መኪና ሆነች» አለች። ታቦቱ ሲወጣ እልልታዋን ከሩቅ ለየሁት። ከዚያ ወዲያ በየበዓሉ መንገደኛ ሳንሞላ ሄደን አናውቅም።

ዛሬ የምነዳት እኔ ነኝ። መንገዱ ከድሮው ብዙ ይሻላል። ባለፈው ወር ነስሩ ዘንድ ሄጄ ጥቁሩን፣ ለስላሳውን ሞላ ገዝቼ ኒሙ ሥር ብቻዬን ቀየርኩት። ትክክለኛው ያ ነው። ለእማዬ ወገብ ከመጀመሪያውም መሆን የነበረበት ያ ነው። እሑድ ዕለት ሁለታችን ብቻ ሄድን። አንድም ጊዜ አልተንገጫገጨችም።

«ተመቸኝ፤ ይባርክህ ልጄ» አለችኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ «መኪናዋ ጸጥ አለች እኮ» አለች።

መስኮቱን ዝቅ አደረግኩላት፤ የመንገደኛው ድምፅ ይግባ ብዬ።