ለመኪናዬ የመረጥኩት ድምፅ ማጉያ

ጡረታ ስወጣ ሰው ሁሉ «አንድ ነገር ያዝ፤ ቤት ተቀምጠህ ሚስትህን አትፍጃት» ይለኝ ነበር። እኩዮቼ ናሓል ሀደራ መናፈሻ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ካርታ መጫወት ያዙ። አንዳንዱ ቲማቲም መትከል ያዘ። እኔ ሬድዮ ያዝኩ። ወጣት ሳለሁ በኢትዮጵያ ጦር ውስጥ የመገናኛ ሬድዮ ሠራተኛ ነበርኩና፣ እዚህ አገር መጥቼ ጭማቂ ፋብሪካ ውስጥ የበሰበሰ ብርቱካን ከደህናው ስለይ ብኖርም፣ ጆሮዬ ያንን የሬድዮ ድምፅ አልረሳውም። በስተርጅና ለአማተር ሬድዮ ፈቃድ ተፈተንኩ። ፈተናው በዕብራይስጥ ነው። ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ ሚስቴን ጠይቋት፤ እኔ ማለፌን ብቻ ነው የማስታውሰው።

በሬድዮ በአማርኛ የሚመልስልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የጦር ቤት ጓደኛዬ። እሱም የሚኖረው ከእኛ ሕንፃ ቀጥሎ ነው።

«ሻይ ጠጣህ?» እለዋለሁ።

«ጠጣሁ። አንተስ?»

ሚስቴ ከማድቤት ሆና «በመስኮት ብትጠራሩ አይቀልም?» ትላለች። ልክ ናት። መኪናዬ ላይ የሚገጠም ሬድዮ ያስፈለገኝም ለዚሁ ነው፤ ራቅ ብዬ ሄጄ ሻይ መጠጣቱን ልጠይቀው።

ሬድዮውን የሸጠልኝ ዕድሜውን በዚሁ ነገር የጨረሰ ሮማኒያዊ ሽማግሌ ነው። ምድር ቤት ባለው ማሕሳኑ፣ ዕቃ ማከማቻው ውስጥ፣ ያገለገለ ዕቃ እየጠገነ ይሸጣል። ትልቁንና የሚያብረቀርቀውን ስነካ እጄን መታ አደረገኝ።

«መኪና ውስጥ ያለ ሬድዮ ቤት ውስጥ ካለው ጋር አንድ አይደለም» አለኝ። «ይንቀጠቀጣል፣ በበጋ ይቀቀላል፣ አቧራ ይበላል። ኃይሉ አያታልልህ። ቁልፉ ጥቂትና ትልልቅ የሆነውን ውሰድ፤ ዓይንህ መንገድ ላይ ሲሆን ጣትህ ሳይሳሳት የሚያገኘውን።»

ሰማሁት። ሽቦውን ከሲጋራ መለኮሻው ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው ሳብ አለኝ፤ ሳብኩ። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አድርግ አለኝ፤ አደረግኩ። አንቴናውን ጣራው መሃል ትከል አለኝ፤ ጣራውን በሳሁት። ሚስቴ ቀዳዳውን አይታ «ሲዘንብ ጃንጥላ ዘርግተህ ትነዳለህ» አለችኝ። በሁሉም ታዛዥ ነበርኩ። ያልታዘዝኩት በአንድ ነገር ብቻ ነው።

ሽማግሌው ትንሽ የጆሮ ማዳመጫ አወጣ። «ሰው አሳፍረህ ስትሄድ ይህ ያስፈልግሃል» አለ። ከማዳመጫው ጎን ግን የዳቦ ቁራሽ የሚያህል ጥቁር ድምፅ ማጉያ ነበር። ዓይኔ እሱ ላይ ተተከለ። አንዱ ጆሮዬ ደከም ብሏል፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ። ደግሞም እውነቱን ልንገራችሁ፣ መብራት ላይ ስቆም ከጎኔ የቆመው ሾፌር «ይህ ሽማግሌ ማን ይሆን?» እንዲል ፈልጌ ነበር። ድምፅ ማጉያውን ወሰድኩ። ጓደኛዬ «ማዳመጫውንስ ገዛህ?» ሲለኝ፣ ከጭቅጭቅ ልገላገል ብዬ «ገዛሁ እንጂ!» አልኩት።

ፊት ለፊታችን ባለው በር አንዲት ጎረቤት ነበረችን። ታናሽ ወንድሟ ጎንደር ሆኖ ወደዚህ የሚመጣበትን ቀን ዓመታት ጠብቋል። እሷም ጠብቃለች። አንዱን ክፍል ለእሱ ብላ አልጋ አንጥፋ፣ ብርድ ልብሱን በየጊዜው እያጠበች። ልጇ አፉላ ከተማ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ እንደሄደች፣ ለአንድ ዘመዷ ከጎንደር ስልክ መጣ። ወንድሟ ሞተ።

ሽማግሌዎቹ በዚያው ሰዓት ተጠራርተው መከሩ። መርዶ በስልክ አይነገር፣ በመንገድ አይነገር። ቤቷ ገብታ፣ ቁጭ ብላ፣ የሚደግፋት ሰው በግራ በቀኝ ኖሮ መስማት አለባት። ስለዚህ አንድ ሰው ከአፉላ ሊያመጣት ነው፤ ምንም ሳታውቅ።

«እኔ አመጣታለሁ» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? «መንገዱ ላይ፣ ዋዲ አራ ሸለቆ ውስጥ ስልክ ይቋረጣል፤ የእኔ ሬድዮ ግን አይቋረጥም። ሁላችሁም መሰብሰባችሁን መንገድ ላይ እሰማለሁ። ካልደረሳችሁም ቀስ እላለሁ።»

የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ አተኩረው አዩኝ። «አደራ፣ አፍህን» አሉኝ።

«አፌን ሰፍቼዋለሁ፣ አባባ።»

አፌን መስፋቴስ እውነት ነበር።

አፉላ ደርሼ «የቤትሽ ቧንቧ ፈንድቷል፤ ቁልፉ አንቺ ዘንድ ነው» አልኳት። ክፉ ውሸት አልመሰለኝም። ነጠላዋን ደርባ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከጎኔ ተቀመጠች።

«ውኃው ወደ እናንተ ገባ ይሆን ጋሼ?»

«ኧረ ትንሽ ነው። ሚስቴ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች።»

«እንግዲያማ አንቱን አባርራ ነው» ብላ ሳቀች።

የዚያ ቀን የመጨረሻ ሳቋ ነበር። ኮረብታዎቹ መሃል እንደገባን ድምፅ ማጉያው ተንጫጫ፤ የጓደኛዬም ድምፅ መኪናውን ሞላው። ጆሮዬ ውስጥ ብቻ የሚናገር መስሎታል።

«ሁሉም መጥተዋል፤ ቄሱም ደርሰዋል። የወንድሟን ፎቶ ግን ያገኘ የለም። ሬሳ በሌለበት ያለ ፎቶ እንዴት ይለቀሳል? እሷ ቦርሳ ውስጥ ይኖር ይሆን?»

እጄን ወደ ቁልፉ ወረወርኩ። ያ ትልቅ፣ ጣት የማይሳሳተው ቁልፍ! ጣቴ ተሳሳተ። ወደ ላይ አዞርኩት።

«ሰማኸኝ? የሟቹን ፎቶ ነው የምልህ!» አለ ጓደኛዬ እንደ ነጎድጓድ።

አጠፋሁት። ወደ እሷ ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ። በዓይኔ ጠርዝ ብሰርቅ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። መስኮቱ ክፍት ነው፣ አንድ ከባድ መኪና እየጮኸ አልፎናል። አልሰማችም፣ አልኩ በልቤ። ሰው ሊያምን የፈለገውን ለማመን ምን ያህል ፈጣን ነው!

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ» አለችኝ፤ «ይህ ሬድዮ እንዴት ነው የሚመረጥ?»

ደስታዬ! እግዚአብሔር አወጣኝ ብዬ ጀመርኩ። ስለ መንቀጥቀጡ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ኃይል ብቻውን ምንም እንደማይሠራ ነገርኳት። አንቴና አጭር ቢሆን ጥሩ እንዳልሆነ፣ ረጅምም ቢሆን ቅርንጫፍ እንደሚመታ አስረዳኋት። ጸጥ ባልኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች።

«ሽቦውስ ከየት ነው የሚመጣ?»

«በቀጥታ ከባትሪው! እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።»

ትንሽ ሄደን «ሽቦውስ ከየት ነው የሚመጣ?» አለችኝ እንደገና። እኔም ሞኙ፣ ነገሩ ጥሟት ነው ብዬ እንደገና አስረዳኋት፤ የፊውዙንም ጨመርኩላት። ቀልድ ሁሉ ጣል አደረግኩ። ስለ ቧንቧው አንድም ቃል አላነሳችም። የከተማችን የኤሌክትሪክ ጣቢያ ጭስ ማውጫዎች ከሩቅ ሲታዩ እኔ ገና ስለ ሽቦ ውፍረት እያወራሁ ነበር።

ሕንፃችን በር ላይ ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ወርጄ ዞሬ በሩን ከፈትኩላት። ያን ጊዜ ነው ያየኋት። የነጠላዋ ጥለት ወደ አንገቷ ወጥቶ፣ በለቅሶ ሥርዓት ተጣፍቷል። እኔ ስለ አንቴና ስለፈልፍ ጎኔ ተቀምጣ ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳለች።

ሽማግሌዎቹም አዩ። ሁሉም ከነጠላዋ ወደ እኔ ዞሩ። ጓደኛዬ ጆሮዬን ነበር የሚያየው፤ ምንም የሌለበትን ጆሮዬን። ቀስ ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። ታላቁ ሽማግሌ ሊናገሩኝ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ቀደመቻቸው።

«አባቶቼ፣ ጋሼን አትቆጧቸው። መንገዱን ሙሉ ሲያጫውቱኝ ነው የመጣን።»

ወደ ላይ ወጣች። ሳሎን ውስጥ ባዘጋጁላት ቦታ ተቀመጠች፤ ሴቶቹ በግራ በቀኝ ያዟት። ወደ ቄሱ ቀና ብላ «አሁን ንገሩኝ» አለች። እንደ ወጉ ነገሯት። ያኔ ጮኸች። ያን ሁሉ መንገድ የተሸከመችውን ጩኸት በአንድ ጊዜ ለቀቀችው፤ እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ግድግዳውን ያዝኩ።

በለቅሶው ቀናት ሁሉ ውኃ ቀዳሁ፣ ወንበር ተሸከምኩ፣ ጫማ ስንኳ አስተካከልኩ። የተቆጣኝ የለም። ስገባ ሰው ጸጥ ይላል፤ ቦታም ይለቁልኛል። በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ጓደኛዬ ሳይቀር «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንደተባባልነው፣ መሰብሰባችንን «ቧንቧ ሠሪው ደርሷል» ብዬ በምስጢር መንገር ነበረብኝ» እያለ የእኔን በደል ይሻማኛል።

ሰው ሲቀንስ ጠብቄ ጎኗ ተቀመጥኩ። «ይቅር በይኝ» ለማለት ነበር የመጣሁት፣ የወጣኝ ግን ሌላ ነው።

«ለምን አልጮኽሽም? መኪናውን አቁም ለምን አላልሽኝም?»

ዓይኗ አብጧል።

«መሪውን ይዘው ነበራ፣ ጋሼ። እጅዎ ደግሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ለቅሶ ይበቃናል ብዬ ነው።»

ሳቅ አመለጠኝ። ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ሳቅ! እሷም ከንፈሯን ነክሳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ትስቅ ይሁን ታለቅስ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ታላቁ ሽማግሌ ከወዲያ ማዶ ተነሡ።

«አንተ!» አሉኝ ዱላቸውን ወለሉ ላይ እየደቁ። «ያደረግኸው አልበቃህ ብሎ? ዕድሜ እንጂ ልብ ያልሰጠህ! ውጣ ከዚህ!»

«እሺ፣ አባባ» ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አለቀስኩ።