የጓደኛዬ ጉዳይ ፓርላማ የቀረበ ጊዜ

ጓደኛዬ አየርላንድ ውስጥ አንድ የፓርላማ አባል አላት። እንደዚህ ነበር የምትለው፣ «የኔ ሰውዬ» እያለች፣ ሰው ስለ ቤተሰብ ሐኪሙ እንደሚያወራው። እኔ ሮም ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት ስኖር የኔ የምለው ቆጣሪ የሚያነብ ሰው እንኳ አልነበረኝም። ስለዚህ ቀናሁ። ይህን የምጽፈው ቅናቴን ላሳምር አይደለም፤ የሚያምርም ነገር የለውም።

የተዋወቅነው ከሮም ወጣ ብሎ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎች በሚያርፉበት ማዕከል ውስጥ ነው። አንድ ክፍል ደርሶን አልጋችን ፊት ለፊት ነበር። እሷ የአራት ዓመት ሴት ልጇን አክስቷ ጋ ትታ ነበር የመጣችው፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጄን እናቴ ጋ። ከኛ በፊት የመጡ ሴቶች ቃል ስትሰጡ ልጅ አለኝ እንዳትሉ አሉን። ልጇን ጥላ የመጣች እናት አትታመንም፣ ወረቀቷም ይጓተታል ተባለ። ወሬውን ማን እንዳመጣው የሚያውቅ አልነበረም። እኛ ግን ከጠበቃ ይልቅ ቀድሞ የመጣ ሰው የሚለውን የምናምን ሰዎች ነን፤ የማዕከሉ ጠበቃ ያላችሁን ሁሉ ተናገሩ እያለች ስትለምነን ይህችማ የነሱ ናት ብለን ተጠቃቀስን።

ጓደኛዬ አመነታች። አንድ ሌሊት ሙሉ ስታለቅስ አደረች። ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ጠያቂ ሆኜ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ልጅ አለሽ ወይ ስላት የለኝም እስክትል፣ ሲቃዋ እስኪጠፋ ድረስ ደጋገምኩላት። በነጋታው ሁለታችንም ተራ በተራ ገብተን የለኝም ብለን ወጣን።

ወረቀቱ ተሰጠን። እኔ ሮም ፒኜቶ ሰፈር ክፍል ተከራይቼ አንዲት አሮጊት ሲኞራ መጦር ጀመርኩ፤ እሷ አግብታ አየርላንድ ሄደች፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ የአረጋውያን መኖሪያ ተቀጠረች። ኮንትራቴ ሲስተካከል ልጄን ላመጣ አመለከትኩ። የቢሮው መስኮት ጋ የተቀመጠችው ሴት ኮምፒውተሯን አየችና ልጅ የለኝም ብለዋል እኮ አለችኝ። ማስረጃ አምጪ፣ አስተርጉሚ፣ ደግመሽ ነይ ሲባል ልጄ አሥራ ስምንት ሞላው። አሎራ፣ እንግዲህ አሁንማ ትልቅ ሰው ነው አሉኝ። ለልጄ የነገርኩት ቢሮው እንዳጓተተ ነው።

እሷም በተራዋ ስታመለክት ያው መልስ መጣባት። ጣልያን የሰጠሽው ቃል ልጅ የለኝም ይላል ተባለች። ደውላ ስታለቅስልኝ ከልቤ አጽናናኋት። ያኔ ቅናት የሚባል አልነበረብኝም፤ እኩል ነበርን።

ከዚያ የፓርላማው ሰውዬ መጣ። የሥራ ባልደረባዋ ናት የጠቆመቻት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመድኃኒት ቤት በላይ ባለች ክፍል ተቀምጦ የአካባቢውን ሰው ጉዳይ ይሰማል አለቻት። ተቃዋሚ ነው ስትለኝ ተቆጣኋት። መንግሥት ውስጥ ያለ ሰው ፈልጊ፣ ተቃዋሚ ለራሱም ሰው የሚፈልግ ነው አልኳት። አልሰማችኝም። ባዶ እጄን ትልቅ ሰው ፊት አልቀርብም ብላ ድፎ ዳቦ ጋግራ ሄደች። ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ውሃ የሚያጥለቀልቀው መንገድ ያማረረው ገበሬ ነበር፣ አንዷ ለዳሌዋ ቀዶ ሕክምና ሁለት ዓመት የጠበቀች አሮጊት። ሰውዬው ስጦታ መቀበል አይፈቀድልኝም አላት። ጓደኛዬ ደግሞ ዳቦ ይዞ መመለስ አይፈቀድልኝም አለችው። በመጨረሻ ቢላ አስመጥቶ ለወረፋው ሁሉ አስቆረሰው፣ እሱም በላ። ከዚያ የገበሬውን መንገድ በጻፈበት ደብተር ላይ የሷን ልጅ ጻፈ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቪዲዮ ላከችልኝ። ያየሁት ቁጭ ብዬ ከቤት ጓደኛዬ ጋር ነው። ይህች ሮም ያደገች የሀገሬ ልጅ ናት፤ እንግሊዝኛም ታውቃለች፤ እያስቆመች ተረጎመችልኝ። ፓርላማው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። አሥር ሰው ቢኖር ነው፣ አንዱ ስልኩን ያያል። ሰውዬው መላጣ፣ ክራቫቱ የዞረ፣ ወረቀቱን ከዓይኑ እያራቀ የሚያነብ ነው። መጀመሪያ ስለ ገበሬው መንገድ ተናገረ። ቀጥሎ በዚያው ድምፁ፣ በኔ አካባቢ የናንተን እናቶች የምታጥብና የምታጎርስ አንዲት ሴት አለች አለ። ፈርታ ልጇን እንደካደች፣ ልጅቷ መስከረም ላይ አሥራ ስምንት እንደሚሞላት፣ ከዚያ በኋላ መምጣት እንደማትችል ተናገረ። ክቡር ሚኒስትር፣ የፈራች እናት ስንት ዓመት ነው የምትቀጣው ብሎ ጠየቀ። ሚኒስትሯ ተነስታ በግለሰብ ጉዳይ ላይ አስተያየት አልሰጥም የሚል ጽሑፍ አነበበችና ተቀመጠች።

እንግዲህ መልሱ ምንም ነው። ተጨማሪ ማስረጃ ካለ ይታያል ከማለት በቀር የተገባላት ቃል የለም። እኔ ግን በገበሬው መንገድ ሳይቀር ቀናሁ። ያ ጭቃ በፓርላማ ስሙ ሲነሳ፣ የኔ ልጅ አንድ መስኮት ላይ ቀረ። ለጓደኛዬ እሰይ እልል ብዬ ጻፍኩላትና ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

በዚያው ሳምንት ደወለች። ሰውዬው ፓርላማው ለክረምት ሳይዘጋ ጉዳዩን ደግሞ ሊያነሳው ነው፤ ግን ምስክር ያስፈልገዋል። ያኔ ልጅ እንዳላት የሚያውቅ፣ ለምን እንደደበቀችም የሚያስረዳ፣ አቮካቶ፣ ማለትም ጠበቃ፣ ፊት የፈረመበት ደብዳቤ። ከኔ ሌላ ሰው የለም። ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ነገ እሄዳለሁ አልኳት።

አልሄድኩም። ዛሬ ነገ እያልኩ ጎተትኩት። ሲኞራዋን ሳል ይዟታል አልኩ። አቮካቶው የለም አልኩ፤ ቢሮው ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሁለት መንገድ ቢርቅ ነው፣ በየሳምንቱ በሩ ላይ አልፋለሁ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት የበለጠ ያማረ ነበር። ለኔም ወረቀት ያሰጋል፣ ዋሽተሻል ተብዬ ብጠየቅስ አልኩ። ውሸት ነው። የኔን ውሸት የጣልያን ቢሮ ካወቀው ዓመታት አልፈዋል፣ ማንም ምንም አላለኝም። ነገሩ ሌላ ነው። ልጅቷ ከመጣች እኔ ብቻዬን ልቀር ነው። ያቺን ሌሊት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ያስጠናኋት ጓደኛዬ ፈተናውን ልታልፍ፣ አስጠኚዋ ልወድቅ። መስከረም እስኪጠባ ድረስ ዝም ብል ማንም ክፉ ሠራሽ አይለኝም።

ጓደኛዬ አንድ ቀን አልተቆጣችኝም። ይህም አናደደኝ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ስትደውል ድምፅዋ ደክሞ ነበር። ፓርላማው ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ሲኞራዋ እንዴት ናት ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ረስታው የነበረ ነገር ትዝ እንዳላት ሆና፣

«ሰውዬው ደብዳቤሽን ቆሞ ያነበዋል። ስላንቺም ይናገራል» አለችኝ።

በነጋታው ጠዋት አቮካቶው በር ላይ ከጸሐፊዋ ቀድሜ ቆምኩ። የጓደኛዬ ልጅ አላስነሳችኝም፣ የጓደኛዬ ልመናም አላስነሳኝም፤ ስላንቺም ይናገራል የሚለው ቃል ነው ያስነሳኝ። ሁሉንም ተናገርኩ፣ ማስጠናቴንም ጭምር። እኔም ልጄን እንደደበቅኩ፣ ልጄም እንደቀረ አስጻፍኩ። ፈርሜ ስወጣ ቀሚሴን አስተካክዬ ነው የሄድኩት፣ የሚያየኝ ሰው ያለ ይመስል።

ሰውዬው ቃሉን ጠበቀ። ሁለተኛው ቪዲዮ ላይ ክራቫቱ ተስተካክሏል። ሮም የምትኖር ሴት የጻፈችው ደብዳቤ እጄ ላይ አለ አለ። ይህች ሴት ጓደኛዋን ልጅ የለኝም በይ ብላ የመከረችው እሷ እንደሆነች ትናገራለች፤ እሷም የራሷን ወንድ ልጅ የለኝም ብላ ነበር፤ ልጇ ዛሬም አልመጣላትም አለ። ስልኩን ያይ የነበረው ሰው ቀና አለ። የቤት ጓደኛዬን ሦስቴ አስተረጎምኳት። ሚኒስትሯ የአየርላንዱን ጉዳይ በድጋሚ አያለሁ አለች። ስለ ሮሟ ሴት ምንም አላለችም፣ ምን ልትል። እኔ ግን ያን ቀን መንገድ ላይ ሰላም የማልላቸውን ሰዎች ሁሉ ሰላም አልኩ።

ነሐሴ ውስጥ ልጅቷ ቪዛ አገኘች። ጓደኛዬ ስትነግረኝ እልል ያልኩት የምሬን ነበር። ደስ ብሎኝ ስልኬን አወጣሁና ሁለተኛውን ቪዲዮ ለልጄ ላክሁለት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነው፣ እንግሊዝኛው ከሁላችንም ይበልጣል። ከሥሩ «እናትህ ፓርላማ ቀረበች፣ ስማኝ» ብዬ ጻፍኩ።

አየው። ማየቱ ስልኬ ላይ ታየኝ። ሁለት ቀን ምንም አልመለሰም። ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ደወለ። ሥራ ላይ እንዳለ ሁሉ በትሕትና ደህንነቴን ጠየቀኝ፣ የሲኞራዋን ሳል ጠየቀኝ። የቢሮውን ነገር አላነሳም፤ ዋሸሽኝም አላለም።

«የሷ ልጅ ታውቅ ነበር?» አለኝ። «እናቷ የለችኝም ማለቷን?»

«ታውቃለች» አልኩት። «ገና በልጅነቷ ነው የነገረቻት። ይቅርታም ጠይቃታለች።»

ከጀርባው የሆቴሉ ሰዎች ሲነጋገሩ ይሰማኛል።

«ቀናሁባት» አለ።

ቪዛ እኮ ያንተም አንድ ቀን አልኩ፣ ቶሎ ብዬ። አስቆመኝ።

«በቪዛዋ አይደለም፣ እማዬ።»