የቀትር እንቅልፋችንን የማያውቀው ሠራተኛዬ

ዛሬ በሰባት ሰዓት ፀሐይ አንዲት የሙሽራ እናት ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ካለው የተዘጋ የልብስ ሱቄ በር ላይ ቆመው ደወሉልኝ። "አሁኑኑ ይምጡ ብለኸኝ የለም እንዴ?"

እኔ አላልኩም። ያለው በቴሌግራም ለደንበኞች እንዲመልስልኝ ያስገባሁት ኤአይ ነው።

ጨዋ ነው፣ ፈጣን ነው። ድሬ በቀትር ዘግታ እንደምትተኛ ግን አልነገርኩትም። (ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚነገረው ይኼ ነበር!)

ሴትየዋ የመጡት የሠርግ ልብስ ሊያዙ ነው፤ ሱቄን ከከፈትኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ትልቅ ትእዛዝ መጥቶልኝ አያውቅም። ሽርጤን እንኳ ሳልቀይር በባጃጅ በረርኩ።

ስደርስ ሴትየዋ የሉም።

ከጎን ሱቅ ውስጥ የምትተኛው ጎረቤቴ ሐዋ በሯን ገርበብ አድርጋ "አቦ ቀስ በል፣ እንዳትቀሰቅሳቸው!" አለችኝ።

የሙሽራዋ እናት በሐዋ ፍራሽ ላይ፣ በቬንቲሌተሩ ሥር፣ ለጥ ብለዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅተው የሚዜዎቹን ልብስ በሙሉ አዘዙ። "እንዲህ ተኝቼ አላውቅም" አሉኝ።

ለኤአዩም ሁሉንም ነገርኩት። "በሰባት ሰዓት ልምጣ?" ብዬ ስፈትነው፣ "ያኔ ድሬ ተኝታለች። ከመጡ ግን የሐዋ ፍራሽ አለ" አለኝ።

ይኼው እሱም የድሬ ልጅ ሆነ!

እናንተስ፣ ለእንግዳ መንገር የረሳችሁት የሰፈራችሁ ነገር ምን አመጣባችሁ?