አባቴ በአያ ካሴ ፊት ላይ ያየው

ሰሞኑን ልጄ ሥራውን ጥሎ ቤቴ መጣ። እዚሁ ወረታ ከባልንጀራው ጋር በሽርክና የሩዝ መፈልፈያ አላቸው። ገለባው ከነአቧራው ፀጉሩ ላይ ነበር። ገና ሳይቀመጥ «እማ፣ ይህ ሰው ሊከዳኝ ነው» አለኝ። ምን አይተህ ነው ብለው፣ ምንም አላየም። ዓይኑ አላማረኝም ነው መልሱ። አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ የመጣ መሰለኝ።

ያደግሁት ቁሐር ሚካኤል ነው። አባቴ አንድ በሬ ነበረው፤ ጎረቤታችን አያ ካሴም እንዲሁ አንድ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ስለዚህ መቀናጆ ገብተው ነበር። ሁለቱን በሬዎች ባንድ ቀንበር ይጠምዱና አንድ ቀን የእኛን፣ አንድ ቀን የአያ ካሴን ያርሳሉ። አያ ካሴ ሚስታቸው ሞታ ከትንንሽ ልጆች ጋር የቀሩ ሰው ናቸው፤ ያለዚያ ቀንበር ምንም አልነበራቸውም።

አንድ ግንቦት፣ እኔ ለአቅመ ሔዋን ስደርስ፣ ከአባቴ ጋር ይፋግ ገበያ ሄድን። በርበሬያችንን ሸጠን ጠላ ቤት ገባን። የማዶ ሰፈር ሰው፣ ወፍራም በሬ ያለው፣ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ከእኔ ጋር ብትቀናጅ አይሻልህም ወይ አለው። አባቴ ሳቀና «እስቲ እናያለን» አለ። ቆሎዬን እየቆረጠምሁ ሁሉንም ሰማሁ።

ስንመለስ የርብን ወንዝ ተሻግረን እንደወጣን «ካሴ ከሌላ ሰው ሊቀናጅ አስቧል፤ ልቤ ነግሮኛል» አለኝ። ኧረ ያሰብኸውስ አንተ! አልሁ በሆዴ። ፊቱን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ያስፈራኝ ይኸው ነው። ቢዋሽ ኖሮ ታዝቤው ባለፍሁ፤ እሱ ግን የምሩን ተከድቷል።

ከዚያ በኋላ አያ ካሴ ቢያረፍዱ «አየሽ!» ይላል፤ ማልደው ቢመጡ ሊሸነግለኝ ነው ይላል። እናቴ ተው እባክህ ብትለው እሷንም ኮነናት። ሰኔ ጠብቶ፣ ሰው ሁሉ ተቀናጅቶ ካለቀ በኋላ፣ ቀንበሩን ፈታና ከማዶው ሰው ጋር ገባ።

ይህ ሁሉ ያልገባው በሬያችን ነው። ማታ ከግጦሽ ሲመለስ ቀጥ ብሎ አያ ካሴ ደጅ ይሄዳል። አባቴ ይህንንም ካሴ መድኃኒት አድርጎበት ነው አለና፣ አምጪው ብሎ ላከኝ። ጭቃው እስከ ባቴ ያሰምጠኝ ነበር። ስደርስ አያ ካሴ ቀንበር የላጠውን የበሬያችንን ጫንቃ ቅቤ ይቀቡታል።

«ልጄ፣ አባትሽን ምን በድዬው ነው?» አሉኝ።

ምን ልበል? ምንም አልበደሉም፤ እሱ ያሰበውን እርስዎ ላይ እያየ ነው ልበል? ያኔ ለዚህ ነገር ቃል አልነበረኝም። ቢኖረኝስ፣ የገዛ አባቷን ለጎረቤት የምታማ ልጅ ማን ይሰማታል?

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አያ» አልሁ። በሬውን እየጎተትሁ፣ እያለቀስሁ ተመለስሁ።

ሐምሌ ላይ ርብ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሆነ። የአያ ካሴን ማሳ ሳይታረስ ውሃ ዋጠው። በሬያቸውን ሸጠው ልጆቻቸውን አበሉ፤ ከዚያ በኋላ የሰው መሬት ሲያርሱ ኖሩ። አባቴም እስኪሞት ድረስ «ካሴ የከዳኝ ጊዜ» እያለ ያወራ ነበር።

እኔ ይህ በሽታ የአባቴ ብቻ አለመሆኑ የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። አምና ምራቴ ጠልታኛለች እያልሁ ክረምቱን ሙሉ ስነጫነጭ ባጀሁ። አንድ ቀን ምስር እየለቀምሁ ሳስበው፣ እሷ ምን አደረገች? የጠላኋትስ እኔው። እንዴት እንዳፈርሁ! ግን ቀለለኝ፤ ከእሷም ጋር ሰላም ሆንን። አሁን ሰው ከፋብኝ ባልሁ ቁጥር መጀመሪያ የራሴን ሆድ እፈትሻለሁ። ይህን ለሌላ ሰው እንዴት እንደሚያስተምሩት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቢሆንም ሞከርሁ። ለልጄ ምሳውን አቀረብሁለትና፣ ቀስ ብዬ «አንተስ ልጄ፣ ከባልንጀራህ ልትለይ አስበህ ታውቃለህ?» አልሁት።

የቆረሰውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እማ፣ አንቺም ከዳሽኝ?» አለኝ።